አነስተኛ የዌብ ሆስቲንግ ነጋዴና ማኅበራዊ ሚዲያ፤ ማስታወቂያው ማስረጃ ሲሆን

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላል ያገራችን ሰው፡፡ ይህ አባባል ከማናቸውም ነጋዴ ይልቅ ለዌብ ሆስቲንግ ነጋዴ የተነገረ ይመስለኛል፡፡ ጨርቅ ሻጭ ጨርቁን ዘርግቶ ያሳያል፤ ገዢው ዳብሶ ይወስናል፡፡ ማር ሻጭ ያስቀምሳል፡፡ ዌብ ሆስቲንግ የሚሸጥ ሰው ግን ዘርግቶ የሚያሳየው ዕቃ የለውም፡፡ የሚሸጠው "ድረ ገጽዎ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ ኢሜይልዎ አይጠፋም፤ ችግር ሲገጥምዎ ስልክ አነሳለሁ" የሚል ቃል ብቻ ነው፡፡

ይህ ቃል ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው፡፡ ለመሆኑ ማኅበራዊ ሚዲያ ለዚህ ዓይነቱ አነስተኛ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ምንስ ያስጠይቀዋል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች ጎን ለጎን ለማየት እሞክራለሁ፡፡ ሁለቱን መለየት የማይቻልበት ምክንያትም ወደ ታች ግልጽ ይሆናል፡፡

ሥራው ምንድን ነው?

ለሙያው እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ፡፡ ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል፡፡ ያለማቋረጥ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መሥራት አለበት፡፡ በዚህ ሰርቨር ላይ ቦታ ማከራየት ዌብ ሆስቲንግ ነው፡፡ የድረ ገጹ አድራሻ ደግሞ ዶሜን ይባላል፤ ዶት ኮም ወይም በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው ዶት ኢቲ ሊሆን ይችላል፡፡

በአገራችን ካሉት አነስተኛ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ዳታ ሴንተር የላቸውም፡፡ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ካለ ትልቅ ኩባንያ በጅምላ ይከራዩና ከፋፍለው በችርቻሮ ያከራያሉ፡፡ ትልቅ ቤት ተከራይቶ ክፍል ክፍሉን እንደ ማከራየት ማለት ነው፡፡ በዚህ ምንም ነውር የለበትም፡፡ ነገር ግን የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ተከራዩ የሚያውቀው ዋናውን ባለቤት ሳይሆን ቁልፉን የሰጠውን ሰው ነው፡፡ የነጋዴው ጭንቀት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቃሉን የሚሰጠው እሱ፣ ቃሉን የሚያስጠብቅለት ግን ሌላ ሰው፡፡

ዋናው ተፎካካሪ ራሱ ፌስቡክ ነው

አነስተኛ ነጋዴዎች ተፎካካሪያቸው ጎረቤት ያለው ሌላ ሆስቲንግ ሻጭ ይመስላቸዋል፡፡ በእኔ እምነት ግን ዋናው ተፎካካሪ ማስታወቂያቸውን የሚለጥፉበት መድረክ ራሱ ነው፡፡ አንድ የሆቴል ወይም የክሊኒክ ባለቤት "የፌስቡክ ገጽ አለኝ፤ የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ድረ ገጽ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?" ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ነጋዴው ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ከሌለው የዋጋ ቅናሹን ሺህ ጊዜ ቢለጥፍ ገዢ አያገኝም፡፡

መልሱ ደግሞ በቅርብ ታሪካችን ውስጥ አለ፡፡ ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ለአምስት ወራት ገደማ ተገድበው ነበር፡፡ በእነዚያ ወራት ደንበኞቹን በቴሌግራም ብቻ ያገኝ የነበረ ነጋዴ ቪፒኤን ለሌላቸው ደንበኞቹ እንደጠፋ ሰው ሆነ፡፡ የራሱ ድረ ገጽና በድርጅቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል የነበረው ግን ሥራውን ቀጠለ፡፡ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ አገር ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም ነገር አብሮ ተዘግቷል፡፡ ሆኖም ሰርቨሩ ውጭ አገር የነበረ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጹ በውጭ ላለው ቱሪስት ይከፈት ነበር፡፡ ይህ የማንንም አሠራር ለመተቸት አይደለም፤ "ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት አታስቀምጡ" የሚለውን ምክር በእውነተኛ ቀን መደገፍ ነው፡፡

ሌላም አለ፡፡ ፌስቡክ በጥር 2010 ዓ.ም. ከድርጅት ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ መልዕክቶችን እንደሚያስቀድም በይፋ አስታውቋል፡፡ ገጽን "የወደዱት" 10 ሺህ ሰዎች ቢሆኑ እንኳ የተለጠፈውን የሚያየው ስንቱ እንደሆነ የሚወስነው ባለገጹ አይደለም፡፡ ድረ ገጽ የራስ ይዞታ ነው፤ የፌስቡክ ገጽ ግን በሰው ግቢ የተተከለ ድንኳን ነው፡፡ ሆስቲንግ የሚሸጥ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ሊያስተምር የሚገባው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፡፡ ራሱም አስቀድሞ ሊኖርበት ይገባል፡፡ የራሱ ድረ ገጽ የማይከፈትለት፣ ኢሜይሉም ጂሜይል የሆነ ሆስቲንግ ሻጭ ጫማው የተቀደደ ጫማ ሰፊ ነው፡፡

የትኛው መድረክ ለየትኛው ሥራ?

ቴሌግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉት፡፡ ቻናል አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ግሩፕ ሁሉም የሚያወራበት ሸንጎ ነው፡፡ ነጋዴው ቻናሉን ለማስታወቂያና ለብልሽት መግለጫ ቢጠቀምበት መልካም ነው፡፡ ግሩፕን ግን ለደንበኞች አቤቱታ መክፈት አደገኛ ነው፡፡ ደንበኛው በችኮላ የይለፍ ቃሉን ሰው ሁሉ በሚያይበት ይጽፋል፡፡ አንድ የተናደደ ሰው የተናገረውንም ገና ያልገዛው መቶ ሰው ያነበዋል፡፡ አቤቱታ የሚስተናገደው ቁጥር ተሰጥቶት በሚከታተሉት መንገድ፣ ለብቻ ነው፡፡

ፌስቡክ ገዢው ነጋዴውን የሚያጣራበት ቦታ ነው፡፡ ስሙን ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ጽሑፍ መቼ እንደተለጠፈ ያያል፤ አስተያየቶቹን ያነባል፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተለጠፈበት ገጽ "ይህ ሰው ሥራውን ትቶ ይሆን?" ያሰኛልና ጭራሽ ባይኖር ይሻላል፡፡ ሊንክድኢን የኩባንያና የግብረ ሰናይ ድርጅት የአይቲና የግዥ ባለሙያዎች የሚገኙበት በመሆኑ ዓመታዊ ውል ለሚፈልግ ነጋዴ ጠቃሚ ነው፡፡ ቲክቶክ ደግሞ አንድን ነገር በአንድ ደቂቃ ማስረዳት ለሚችል ሰው ይሆናል፡፡ አራቱንም በደካማ እጅ ከመያዝ ሁለቱን አጥብቆ መያዝ ይበልጣል፡፡

በብዙዎች የሚዘነጋ አንድ ነጥብ ልጨምር፡፡ የሆቴሉ ባለቤት ሆስቲንጉን ራሱ አይመርጥም፡፡ የሚመርጥለት ድረ ገጹን የሠራለት ወጣት ባለሙያ ነው፡፡ ስለዚህ አንድ ድረ ገጽ ሠሪ ማስደሰት አሥር ደንበኛ እንደ ማግኘት ነው፡፡ በፌስቡክ ማስታወቂያ ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሚቸግረው ነጋዴ፣ ድረ ገጽ ሠሪዎች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ለሌሎች ጥያቄ በትዕግሥት መልስ መስጠት ከማናቸውም የተከፈለበት ማስታወቂያ የተሻለ ነው፡፡

ምን ይለጠፍ?

የብዙዎቹን ነጋዴዎች ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው "እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ"፣ "ኢድ ሙባረክ"፣ "እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ" የሚል ሥዕል ብቻ ነው፡፡ መልካም ምኞት የሚያስመሰግን ቢሆንም ደንበኛው ስለ ነጋዴው ችሎታ የሚያውቀው ነገር የለም፡፡ የሚጠቅመው ደንበኛው ነገ የሚያጋጥመውን ችግር ዛሬ ማስረዳት ነው፡፡

ለምሳሌ "የላክሁት ኢሜይል ለምን አይፈለጌ መልዕክት ውስጥ ገባ?" የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይሰማል፡፡ ጎግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላኪዎች ማንነት ማረጋገጫ ላይ ያላቸውን መመዘኛ አጥብቀዋል፡፡ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት ማረጋገጫዎች በዶሜኑ ላይ በትክክል ካልተሞሉ የድርጅቱ ደብዳቤ ላይደርስ ይችላል፡፡ የጨረታ ሰነድ ወይም የዋጋ ማቅረቢያ የሚልክ ድርጅት ይህን በነፃ ላስተማረው ሰው ልቡ ይከፈታል፡፡ "ዶሜንዎ የሚያበቃው መቼ ነው? የተመዘገበውስ በማን ስም ነው?" የሚል አጭር ትምህርትም እንዲሁ ነው፡፡

"99.9 በመቶ" ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፡፡ በየማስታወቂያው "99.9 በመቶ አይቋረጥም" ይባላል፡፡ ይህ ቁጥር ሲተነተን በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው፡፡ "99 በመቶ" ከሆነ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል፡፡ "99.99 በመቶ" ደግሞ ከ4 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፡፡ ሰርቨሩን ራሱ የማይቆጣጠር ቸርቻሪ የመጨረሻውን ቁጥር ሲለጥፍ፣ ከአከራዩ ያላገኘውን መተማመኛ ለተከራዩ እየሰጠ ነው፡፡ "ያልተገደበ ቦታ" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ዲስክ ወሰን አለው፤ ወሰኑ የሚገኘው ደንበኛው በማያነበው የአገልግሎት ሁኔታ ውስጥ ነው፡፡

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ የውጭ ምሳሌ ያሳያል፡፡ መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ክላውድ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ፡፡ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፡፡ የኩባንያው መሥራች ኦክታቭ ክላባ በዚያው ሌሊት በትዊተር የሆነውን ሳይሸሽግ እየጻፈ፣ ደንበኞች የአደጋ ጊዜ ዕቅዳቸውን ሥራ ላይ እንዲያውሉ መከረ፡፡ ይህ ግልጽነቱ የሚያስመሰግነው ነው፡፡ ነገር ግን የመጠባበቂያ ቅጂ አገልግሎት ከፍሎ የገዛ አንድ የፈረንሳይ ድርጅት ቅጂው ከዋናው ጋር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለነበር ሁሉንም አጣ፡፡ ውሉ ቅጂው ከዋናው መሠረተ ልማት ተለይቶ እንደሚቀመጥ ይገልጽ ነበርና፣ የንግድ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ካሳ እንዲከፍል ወሰነ፡፡ እሳቱን ማንም አልፈለገውም፤ ያስጠየቀው "ተለይቶ" የሚለው ቃል ነው፡፡

በእኛስ ሕግ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝር መላክ ወይም በአደባባይ መለጠፍ በራሱ ውል ለመዋዋል የቀረበ ሐሳብ እንደማይባል ይደነግጋል፡፡ ስለዚህ በቴሌግራም "በዓመት ይህን ያህል ብር" ብሎ የለጠፈ ሰው በዚያ ብቻ ከሁሉም ጋር ተዋዋለ አይባልም፡፡ ነገር ግን ነጋዴው በዚህ አይጽናና፡፡ ደንበኛው ገንዘቡን የከፈለው የተለጠፈውን አምኖ ከሆነ፣ ክርክር ሲነሳ ያ ጽሑፍ የውሉን ይዘት ወይም የተዋዋይን መታለል ለማስረዳት ይቀርባል፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልዕክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል፡፡ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፡፡ በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ የተለጠፈ ግን ቀንና ሰዓት አለው፡፡

ሰርቨሩ የወደቀ ቀን

ሰርቨር የማይወድቅበት ነጋዴ የለም፡፡ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ራሱ ከነኢንስታግራሙና ከነዋትስአፑ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍቶ ነበር፡፡ ምክንያቱ በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ነው፡፡ በዚያን ቀን ፌስቡክ ደንበኞቹን ይቅርታ የጠየቀው በተፎካካሪው በትዊተር ነበር፡፡ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የብልሽት መግለጫ የሚወጣበት ቦታ ከሚበላሸው ዕቃ ጋር አብሮ መቀመጥ የለበትም፡፡ ለሆስቲንግ ነጋዴ የቴሌግራም ቻናል ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፡፡ የሱ ሰርቨር ቢወድቅ ቻናሉ አይወድቅም፡፡

መግለጫው ምን ይበል? የተቋረጠው ምን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ፣ የደንበኛው መረጃ አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን፣ የሚቀጥለው መግለጫ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፡፡ "በቅርቡ ይስተካከላል" የሚለው ግን ለማንም አይጠቅምም፡፡ የተባለው ሰዓት ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ "እስካሁን አልተስተካከለም" ማለት ያስከብራል፡፡ አስተያየት መስጫውን መዝጋትና የተቆጡ ደንበኞችን ጽሑፍ መሰረዝ ግን የሚያስተዛዝብ ነው፡፡ የጠፋው ጽሑፍ ተቀድቶ ሌላ ገጽ ላይ ይወጣል፡፡

ከዋጋ ጭማሪም ጋር እንዲሁ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፡፡ ሰርቨሩን በዶላር የሚከራይ፣ በብር የሚያከራይ ነጋዴ ዋጋ ባይጨምር ይከስራል፡፡ ጭማሪው የሚያጣላው ግን መጠኑ ሳይሆን አነጋገሩ ነው፡፡ የከፈሉበት ዓመት እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ መቆየት፣ ከእድሳቱ አስቀድሞ ምክንያቱን በቁጥር ማስረዳት፣ መሄድ ለሚፈልግም መረጃውን አስረክቦ በመልካም መሸኘት ተገቢ ነው፡፡ በመልካም የተሸኘ ደንበኛ ይመለሳል፤ ባይመለስም ክፉ አያወራም፡፡

ሊታወቁ የሚገባቸው ሕጎች

አንደኛ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል፡፡ ከቢዝነስ ማውጫ ላይ አድራሻ ለቅሞ ለሺህ ሰው የሚልክ ነጋዴ ይህን ሊያውቀው ይገባል፡፡

ሁለተኛ፣ ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 16 አገልግሎት ሰጪን ይመለከታል፡፡ ደንበኛው በሰርቨሩ ላይ ሕገወጥ ይዘት ካስቀመጠ፣ ነጋዴው ይህንን እያወቀ ወይም ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ተነግሮት ካላስወገደ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፡፡ "ምንም ነገር ያስቀምጡ፣ አንጠይቅም" ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ መለፈፍ በገዛ እጅ ማስረጃ ማዘጋጀት ነው፡፡

ሦስተኛ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፡፡ የደንበኛን ስልክና ኢሜይል ያለ ሕጋዊ መሠረት ለሌላ ዓላማ ማዋል ያስጠይቃል፡፡ "ከደንበኞቻችን ጥቂቶቹ" ብሎ የድርጅት ዓርማ ከመለጠፍ በፊትም ማስፈቀድ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፡፡

የዶሜን ነገር

ከሁሉም በላይ ደንበኛን የሚጎዳው ግን ዶሜን በነጋዴው ስም መመዝገቡ ነው፡፡ ለዶት ኮም ዓይነት ስሞች መዝጋቢው ድርጅት ጊዜው ከማለቁ በፊት አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀር ማሳሰቢያ የመላክ ግዴታ አለበት፡፡ ማሳሰቢያው የሚሄደው ግን ወደ ተመዘገበው ኢሜይል ነው፡፡ ኢሜይሉ የነጋዴው ከሆነ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ስሙ ሊያልፍበት ይችላል፡፡

ምክር ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ አስመጪ የገጠመውም ይህ ነበር፡፡ ከሆስቲንግ ሻጩ ጋር በእድሳት ዋጋ ተጣልቷል፡፡ ኢሜይሉ ተዘግቷል፡፡ ከውጭ አቅራቢዎች ጋር የሚጻጻፈው በዚያ ኢሜይል ስለነበር ዕቃው ወደብ ላይ ሲደርስ ሰነድ መቀበያ አጣ፡፡ የተፈረመ ውል አልነበራቸውም፡፡ የነበራቸው ነጋዴው በቴሌግራም ቻናሉ ከዓመታት በፊት የለጠፈው "ዶሜኑ የደንበኛው ንብረት ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ይዘው መሄድ ይችላሉ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፡፡ ያንን ጽሑፍ ከነቀኑ አያይዘን ማስጠንቀቂያ ስንጽፍለት ነጋዴው የማዛወሪያውን ኮድ ላከ፡፡ ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም፡፡ አስመጪው ግን ስሙን እስኪያስመልስ የወደብ ኪራይ ቆጥሮበታል፡፡

እንግዲህ ዶሜን በደንበኛው ስምና ኢሜይል መመዝገብ፣ ይህንንም በግልጽ ለጥፎ መፈጸም፣ ከአሥር የዋጋ ቅናሽ የሚበልጥ ማስታወቂያ ነው፡፡ አስመጪውን ያዳነው ያ ዓረፍተ ነገር ነጋዴው ደንበኛ ለመሳብ የጻፈው ነበር፡፡ ቢያከብረው ኖሮ ለሱም መከበሪያው ይሆን ነበር፡፡ ማኅበራዊ ሚዲያ ለዚህ ንግድ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ርካሽ የአዋጅ ነጋሪት መሆኑ ሳይሆን የሰጡት ቃል የሚቀመጥበት መዝገብ መሆኑ ነው፡፡ ቃሉን ለሚጠብቅ ነጋዴ መዝገቡ በየዓመቱ እየወፈረ የሚሄድ ሀብት ነው፤ ለማይጠብቅ ደግሞ በየቀኑ በራሱ ላይ የሚጽፈው ክስ ነው፡፡ ስለዚህ ነጋዴው ከመለጠፉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ይህን ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ቢያነቡልኝ "አዎ፣ እንዲሁ አድርጌአለሁ" ማለት እችላለሁ? ከቻለ ይለጥፈው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡